ከዋቱ በፊት ሊትሩን ጠይቁ

መኪናው ላይ ቤዝ ማስገጠም የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ስንት ኢንች ነው? ስንት ዋት ነው? ሁለቱም ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። የድምፁን መልክ የሚወስነው ቁጥር ግን ካርቶኑ ላይ አይገኝም። እሱም ስፒከሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ስንት ሊትር አየር ይይዛል የሚለው ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በፋይበር ግላስ የመኪና ቤዝ ሳጥን እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ለቆዳው፣ ለመብራቱ፣ ለሚያብረቀርቀው ቀለም ሳይከራከር የሚከፍል ደንበኛ፣ የልኬት ሥራ ዋጋ ሲጠራለት "እሱ ደግሞ ምን ያስከፍላል?" ይላል። ይህ ልማድ ሙያውን እየጎዳው ነው፤ የከፋዩንም ገንዘብ እያባከነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፒከሩ ኮን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሁለቱ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ለመገናኘት አይቸገርም። የ40 ኸርዝ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ የኋላው በስፒከሩ ጠርዝ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ሳጥን የሌለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቱንም ያህል ዋት ቢሰጠው ቤዝ የማያወጣው ለዚህ ነው። ሳጥኑ የኋላውን ድምፅ ያስረዋል። የታሰረው አየር ግን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ሞላ ሆኖ ኮኑን መልሶ ይገፋዋል። ሳጥኑ ሲጠብ ሞላው ይጠጥራል፤ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ያብጥና የሚሰማው "ድም ድም" ብቻ ይሆናል። ሳጥኑ ከልክ በላይ ሲሰፋ ደግሞ ሞላው ይላላል፤ ኮኑ ያለ ገደብ ይወዛወዛል፣ ኃይለኛ አምፕሊፋየር ካገኘውም ይበላሻል።

ይህን የአየር ሞላ አስቦበት ለሥራ ያዋለው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከሄንሪ ክሎስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ትንሽና ዝግ ሳጥን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት፣ ጥልቅ ቤዝ የፈለገ ሰው ቁም ሳጥን የሚያህል ባፍል ቤቱ ማስገባት ነበረበት። ቀጥሎ አውስትራሊያ ውስጥ ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለየትኛው ስፒከር ስንት ሊትር እንደሚስማማው የሚያሰላ ቀመር አሳተሙ። የቀመሩ ግብዓቶች ዛሬ ከደህና ስፒከር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምለምነው እሱን ይዘውልኝ እንዲመጡ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን እዚህ አገር እንዳለ አይወሰድም። እዚያ የሰፈረው የአየር መጠን ብዙውን ጊዜ ለባሕር ወለል አካባቢ አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየር ግፊቷ ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ሳጥን ውስጥ የታሰረው አየርም በዚያው ልክ ይለሰልሳል፤ 40 ሊትር ሳጥን ከሚገባው በላይ የሰፋ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ 40 ሊትር ሲለኝ እዚህ ለሚነዳ መኪና ወደ 30 አወርደዋለሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለእዚያ ሰው የምቀንሰው በጣም ያነሰ ነው። ኑሮው ሰመራ ለሆነ ደግሞ የተሰላውን እንዳለ ልወስድለት ጥቂት ነው የሚቀረኝ። ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ሳጥን የት ከተማ እንደሚነዳ አያውቅም። ለከፍታችን የሚለካ ሰው ከዚሁ ከከፍታው ላይ መገኘት አለበት፤ ሙያው እዚህ አገር ሥር እንዲሰድ የምሟገትበት አንዱ ምክንያቴም ይኸው ነው።

ቁጥሩ ወደ 30 መውረዱ ለቪትዝ ባለቤት በረከት ነው። የቪትዝ የኋላ ኮፈን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አራት ማዕዘን የኤምዲኤፍ ሳጥን ከገባበት የአስቤዛ ዘንቢል እንኳ ቦታ ያጣል። ኤርፖርት ሰው ለሚያመላለስ ሹፌር ደግሞ ሻንጣ የማይገባበት መኪና ማለት ያለቀ ሥራ ማለት ነው። ከኋላ ጎማው መሸፈኛ በስተጀርባ፣ በግድግዳውና በወለሉ መሐል ግን ማንም የማይጠቀምበት ጠማማ ጉድጓድ አለ። ጣውላ እዚያ አይገባም፤ ፋይበር ግላስ ይገባል። የመኪናውን ቅርጽ ወስዶ ይቀመጣል፣ ሳጥኑን ሳያነሱ ስኮርታውን ማውጣትም ይቻላል። ክብደቱም ከኤምዲኤፍ ይቀላል። ጠፍጣፋ ግድግዳ ግፊት ሲመጣበት ይርገበገባል፤ የተቆለመመ ቅርፊት ግን በቀጭኑም ጠንካራ ነው።

ሥራው የሚጀመረው መኪናውን ከሥራው በመጠበቅ ነው። ጥጉን በወረቀት ፕላስተር እደርባለሁ፣ በላዩ አልሙኒየም ፎይል አለብሳለሁ፣ ፎይሉን ሰም እቀባለሁ። ሬዚን፣ ማለትም የመስታወት ክሩን አጣብቆ የሚያጠጥረው ፈሳሽ፣ የመኪና ምንጣፍ ላይ ፈስሶ ከደረቀ የሚያነሳው ነገር የለምና ይህን ክፍል አላቻኩልም። ከዚያ 450 ግራም የሚባለውን የመስታወት ማት በሬዚን እያራስኩ አነጥፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ድርቦች ቅርጹን ይዘው ሲጠጥሩ ቅርፊቱን ከመኪናው አወጣና ቀሪውን ውጭ እጨርሳለሁ። አንዱ ድርብ በእጅ ሲነጠፍ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ነው የሚወጣው፤ ለቤዝ የሚሆን ግድግዳ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። አየር ታፍኖ የቀረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በቡሩሽና በሮለር ተጭኖ ካልወጣ ነገ የሚሰነጠቀው በዚያ በኩል ነው። ፊቱ ላይ ስፒከሩን የሚሸከም የኤምዲኤፍ ቀለበት በእንጨት እግሮች አቆማለሁ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ከቀለበቱ እስከ ቅርፊቱ ጠርዝ ወጥሬ ሬዚን አጠጣዋለሁ። ጨርቁ ሲጠጥር ያ ሁሉ የተበታተነ ነገር አንድ አካል ይሆናል። ይህን ቅጽበት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ከውስጥ ማት ይደረብበታል፤ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞኬት ወይም ቀለም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። እነሱን ጥሩ ባትላሜራና ጥሩ ቀለም ቀቢ ከእኔ በተሻለ ይሠሩታል።

ሬዚኑ የሚጠጥረው ሃርድነር ሲገባበት ነው፤ ልኩ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስትቀዘቅዝ ሬዚን ይዘገያል። ዝናብ እየጣለ ደንበኛ "ነገ አድርስልኝ" ሲል ሃርድነሩን በግምት መጨመር ያጓጓል። ያኔ ጣሳው ውስጥ የቀረው ሬዚን እስኪጨስ ይግላል፤ ቅርፊቱም ተሰባሪ ይሆናል። መፍትሔው የሚሠራበትን ክፍል ማሞቅና መጠበቅ ነው። ክረምት ላይ ለፋይበር ሥራ ቀን የማይሰጥ ደንበኛ የሳጥኑን ድክመት በገዛ ገንዘቡ እየገዛ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን አሁን ልናገር። ከሬዚኑ የሚተንነው ሽታ ስታይሪን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ለሰው ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ከሚላቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ጠብታው ቢገባ ዓይን ያጠፋል። ሲፈገፈግ የሚቦነው የመስታወት ብናኝ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚችለው ከሰልና የብናኝ ማጣሪያ ያለበት ካርትሪጅ የሚገጠምለት ማስክ፣ መነጽርና ጓንት ነው። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ማስክ ትነቱን አያስቀረውም፤ ፊት ላይ መሐረብ መጠምጠምም እንዲሁ። በየጋራዡ ይህን ሥራ የሚለምዱት ግን ገና አሥራዎቹን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ባዶ አፍንጫቸውን፣ በር በተዘጋ ክፍል ይሠራሉ። ራስ ምታቱን እንደ ሙያው ግብር ቆጥረው ዝም ይላሉ። እኔ ጋ የሚሠራ ልጅ ማስኩን ሳያጠልቅ የሬዚን ክዳን አይከፍትም። ይህ ወጪ ነው፤ ካርትሪጁ ያልቃል፣ ይቀየራል። ሌላው ከእኔ በርካሽ ሲሠራ ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ደንበኛው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ልጅ ሳንባ ነውና። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን ፋይበር ግላስን ከነስሌቱና ከነጥንቃቄው ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ቢያስተምሩት፣ እነዚህ ልጆች የውኃ ታንከር፣ ጀልባና የመኪና ባምፐር ጭምር በሚሠሩበት ሰፊ ሥራ ተከብረው ይገቡበት ነበር።

ቤዝ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው እኩለ ሌሊት መስኮት እያንቀጠቀጠ የሚያልፍ መኪና ነው። ቅሬታው ልክ ነው። ከዚያ መኪና ውጭ ላለ ሰው የሚደርሰው ግን ከፊሉ የላሜራና የታርጋ መንቀጥቀጥ ነው። በልኩ የተሠራ ዝግ ሳጥን ያለው ሰው ድምፁን ማስጮህ አያስፈልገውም። የመኪናው ውስጥ ጠባብ በመሆኑ ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ ያጎላዋል፤ ዝግ ሳጥን ወደ ታች ሲወርድ የሚያጎድለውን መኪናው ይሞላለታል። አንድ በዕድሜ የገፉ የኮሮላ ባለቤት መጥተው "ልጄ፣ እኔ ጩኸት አልወድም፤ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጊታር ነው መስማት የምፈልገው" አሉኝ። ሪኮ በተጫወተበት በሮሃ ባንድ ዘመን የተቀዱትን ካሴቶች ወደ ፍላሽ አስገልብጠው ይዘዋል። "አባባ፣ ለእርስዎማ ትንሽ ሳጥንና ባለ 10 ኢንች ይበቃዎታል" አልኳቸው። የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ድረስ በንጽሕና ከወረደ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሥራው አልቆ በሩን ዘግተው ሲሰሙ ድምፁን የከፈቱት መኪናው ውስጥ እያወራን መስማት በምንችልበት መጠን ነበር። በየዘፈኑ ከከበሮው ሥር የሚሄደውን ቤዝ ጣታቸውን መሪው ላይ እየመቱ ተከተሉት። ለእኔ የዚህ ሙያ ግቡ ይህ ነው።

ሥራ ስታሠሩ እነዚህን ጠይቁ። የስፒከሬ ስሌት ስንት ሊትር ይላል? ለከተማችን ከፍታ ስንት ቀነስክ? የሠራኸው ስንት ወጣ? ጠማማ ሳጥን በሜትር ስለማይለካ የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ በሽምብራ ነው የምመልሰው። ስፒከሩ ከመታሰሩ በፊት በቀዳዳው ደረቅ ሽምብራ በሊትር ጣሳ እየሰፈርኩ እስኪሞላ እጨምራለሁ፣ ከድምሩ ላይ ስፒከሩ ራሱ የሚይዘውን ቦታ እቀንሳለሁ። ጤፍ በየስንጥቁ ይቀራል፤ ሽምብራ ተጠርጎ ይወጣል። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ እንዲቆጥር እፈልጋለሁ። ሳጥኑ በብሎን ከመኪናው አካል ጋር መታሰሩንም እዩ፤ ያልታሰረ ሳጥን መኪናው ድንገት ሲቆም ወደ ተሳፋሪው ይወረወራል። ብሎኑ የሚገባበት ቦታ ሥር የነዳጅ ታንከር ወይም የፍሬን ቱቦ አለመኖሩን ሠሪው ወርዶ አይቶ ይንገራችሁ። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። በመጨረሻ አፍንጫችሁን ወደ ስፒከሩ ቀዳዳ አስጠጉ። የሬዚን ሽታው ስል ከሆነ ሳጥኑ በደንብ አልጠጠረም ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ በተለይ መኪናው ሕፃን የሚሳፈርበት ከሆነ።