የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ገጽ



ሕፃን ልጅ ደብተሩን ገልጦ ስሙን ሲጽፍ፣ እጁ ያረፈበት ገጽ ከሩቅ ምሥራቅ ተነሥቶ ብዙ ዘመንና ብዙ አገር አቋርጦ የደረሰው መሆኑን የሚያስረዳው መምህር ካላገኘ፣ ወረቀትን የሱቅ ዕቃ ብቻ አድርጎ እንደ ቈጠረ ያድጋል። ስለዚህ ይህን እትም፣ የጥንታዊት ቻይና ሥልጣኔ ለዛሬው ዓለም ያበረከተውን ለልጆች ለማስተማር ለሚደክሙ መምህራንና ወላጆች አዘጋጀነው።

የቻይና ጸሐፍተ ታሪክ እንደ መዘገቡት፣ የሃን ቤተ መንግሥት ባለሟል የነበረው ጻይ ሉን በ105 እ.ኤ.አ. ከዛፍ ልጥ፣ ከቃጫ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የሠራውን ወረቀት ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከ900 ዓመታት በላይ ቆይቶም ቢ ሼንግ የተባለው ጥበበኛ ፊደላትን በሸክላ ቀርጾ፣ በእሳት ተኩሶ፣ በብረት ገበታ ላይ እየደረደረ አተመ።

ነገር ግን ለሕፃን ስምና ዓመተ ምሕረት ማጥናት ብቻ አይበቃውም። በማግኔት የታሸ መርፌ በቡሽ ላይ ሆኖ በውኃ ሳሕን ሲንሳፈፍ፣ ደጋግመው ቢያዞሩትም ወደ ሰሜኑ ሲመለስ በዐይኑ ይመልከት፤ መርፌ በውኃ ላይ የማንሳፈፉን ነገር የቻይናው ሊቅ ሼን ኩዎ በ1088 እ.ኤ.አ. ገደማ ጽፎታልና። ባሩድም ከዚያው ምድር መውጣቱን ሲሰማ፣ ጥበብ ያለ ምግባር ጥፋት መሆኗን አብሮ ይማር።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ዕውቀት የአንድ ሕዝብ ርስት ብቻ ሳትሆን የአዳም ልጆች ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኗን ለልጆቻችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ አስተምሩ።