«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?»

«ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፤ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚል ሰው የቻይናን የባህል ሕክምና ያወደሰ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ስድብ ነው። የጥንቶቹ የቻይና ሐኪሞች እንዲህ ያለ የዋህነት አያውቁም ነበርና!

በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በሼንኖንግ ስም የሚጠራውና ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረው መጽሐፍ 365 መድኃኒቶችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። በሽታን ያባርራሉ የሚላቸውን 125ቱን ከታችኛው ደረጃ ያስቀምጥና አብዛኞቹ መርዛም ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ አይወሰዱም ይላል። መርዛም መድኃኒት እንደ ዳጉሳ ቅንጣት ካነሰ መጠን ይጀመራል፤ በሽታው ከለቀቀ ወዲያው ይቆማል፤ ካልለቀቀ እጥፍ፣ ከዚያም አሥር እጥፍ ይሆናል። «ዱ» የሚሉት ቃል መርዝንም የመድኃኒትን ብርታትም ይይዛል። የአይጥ መርዝን «የአይጥ መድኃኒት» ለምንል ለእኛ ይህ ምኑ ይገርማል? ፉዚ የተባለው ሥር ጥሬውን ልብ ያቆማል፤ መርዙ የሚሰበረው ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ነው። ቶሎ ከእሳት ያወረደ ባለመድኃኒት በሽተኛውን ሊቀብር ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ተጥሎ ቅጠሉ ብቻ ሲሸጥ ምን እንደሚመጣ ብራስልስ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ ያለበት እንክብል የዋጡ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አንዳንዶቹንም ቆይቶ ካንሰር ያዛቸው። «ፋንግጂ» በሚል ስም ሁለት ተክሎች ይጠሩ ነበርና አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት በሌላው ቦታ ገብቶ ነው።

የባህል ሕክምና ጠበቆች «ጥፋቱ የሻጮቹ ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ እንክብሉ ከቻይና ሕግጋት ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ግን እነርሱም አንድ ነገር ይመኑ፦ ይህ መርዝ ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ የዳጉሳዋ ቅንጣት አታጋልጠውም። ቻይና ራሷ ይኸው አሲድ ያለበትንና ስትጠቀምበት የኖረችውን ጓንሙቶንግን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ሐርቢን ውስጥ በ1970ዎቹ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና የጉርጥ መርዝ የተቀላቀሉበትን የባህል መድኃኒት ወስደው መረመሩ። ሁለቱን አስወጡ፤ አርሴኒኩን አስቀሩ። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ፈዋሽ ሆኖ ተገኘ፤ አሜሪካም በ2000 ፈቀደችው። ዛሬ ይህን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ደሙ እየተመረመረ፣ የልቡ ምት እየተለካ ነው። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ አይጎዳህም» የሚለው ሐኪም የለም።