«ሰው በዛ» ከማለታችን በፊት እንቁጠር



በቅርቡ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቦኖው ጋ ጠብ ደረስኩ። እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩ አንዲት እናት፣ ጄሪካን ይዛ የተሰለፈችን ሱዳናዊት ልጅ «እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ነው ውሃ ያጣነው፤ ሰው በዛብን!» ይሏታል። ልጅቱ አማርኛ አትሰማም፤ ቁጣው ግን ገብቷታል።

ጎሮም ለ2,500 ሰው ገደማ የታሰበ ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ነዋሪው በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ስለዚህ የእናታችን ምሬት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን «በዛ» ስንል ሁለት ነገር ይምታታብናል።

የሕዝብ ጥግግት ማለት በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ሰው ይኖራል ማለት ነው። ከአቅም በላይ መብዛት ግን ያለው ውሃ፣ ምግብና አገልግሎት ለነዋሪው አልበቃም ማለት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን አያመጣም። በኔዘርላንድ በስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ ሰው ይኖራል፤ አገሪቱ ግን ለውጭ ገበያ ምግብ ትሸጣለች። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2008 ቆጠራ 8.26 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ይህም በስኩዌር ኪሎ ሜትር 13 ሰው ገደማ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኒቲ ግዛት አንዳንድ ወረዳዎች ረሃብ መግባቱ ታወጀ። ያ ረሃብ የመጣው ሰው በዝቶ ሳይሆን፣ ጦርነቱ ገበሬውን ከማሳው ስላፈናቀለና ርዳታ እንዳይደርስ ስላገደ ነው።

ከጋምቤላ የመጣን ይህንን ስሕተት ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ፣ መንግሥት «ደጋው ሞልቷል፣ ቆላው ባዶ ነው» በሚል ስሌት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከሰፈራ ቦታዎቹ አንዷ ጋምቤላ ነበረች። ጥግግቷ ትንሽ ቢሆንም መሬቱ ግን ባለቤት የሌለው አልነበረም። ወባ የማያውቀው ደገኛም በቂ ሕክምና በሌለበት ቦታ ወርዶ ብዙ ሰው ሞተበት። ጥግግትን ብቻ ቆጥሮ ጤና ጣቢያን አለመቁጠር ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ርዳታ መመዘኛ በመጠለያ ሰፈር ለአንድ ሰው፣ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን ጨምሮ፣ 45 ካሬ ሜትር ይላል። ይህ ሲሰላ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ22 ሺህ ሰው በላይ ነው! እንዲህ ተጠጋግቶም በጤና መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ የቦኖ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት ሊኖር ይገባል። 100 ሰው በአምስት መጸዳጃ ቤት ይበቃዋል። 200 ሰው ተጨምሮ መጸዳጃው ያው አምስት ከሆነ ግን ለአንዱ 60 ሰው ይደርሰዋል። ኮሌራ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ጁባ እ.ኤ.አ. በ2014 ያየችው ነው።

ይህን ስል መጠጋጋት ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። በአንድ ጠባብ ክፍል ስምንት ሰው ሲያድር ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ልጆቻችሁን አስከትቡ፤ ቀን ቀን ቤቱን ከፍታችሁ አየር አስገቡ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ወደ ጤና ጣቢያ አምጡ።

ስለ ቤተሰብ ምጣኔም አንድ ቃል ልጨምር። አንዳንድ በጎ ፈቃደኞች እናቶችን «ሰፈሩ ሞልቷልና አትውለጂ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ብትቆይ ለራሷም ለሕፃኑም ጤና ይበጃል፤ የምንመክራት ለዚህ ነው። ምርጫው የእርሷና የባሏ ነው። የቦኖ እጥረት በእርሷ ማሕፀን አይታረምም።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ በየብሎካችሁ ነዋሪውን፣ የሚሠራውን ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ቆጥራችሁ በጽሑፍ ያዙ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ሰው በዛ» ከምንል «በእኛ ብሎክ ለአንድ መጸዳጃ ቤት ይህን ያህል ሰው ደርሷል» እንበል። ለመጀመሪያው አቤቱታ ማንም መልስ የለውም፤ ለሁለተኛው ግን መልስ መጠየቅ ይቻላል።

እኛም አንድ ቀን አዲስ መጤ ነበርን። ያቺ ልጅ ውሃችንን አልወሰደችም፤ የጎደለው ቧንቧ ነው።