ከጨረቃ የሚመጣ የአማተር ሬዲዮ ግንኙነት፦ ተስፋው፣ እንቅፋቱና ለከሚሴ አካባቢ ነዋሪዎች ያለው ትርጉም

የሰው ልጅ ወደ ጨረቃ የሚያደርገው ጉዞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዳግም የዓለምን ትኩረት በሳበበት በዚህ ወቅት፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ከጨረቃ ገጽ ወይም ከምሕዋሯ የሚተላለፍ የአማተር ሬዲዮ መልእክት በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት በተተከለ መሣሪያ መቀበል፣ ብሎም መመለስ ይቻል ይሆን?

ጥያቄው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ለሆነችው ለከሚሴ፣ እንዲሁም ለባቲ፣ ለሰንበቴና ለዙሪያቸው ነዋሪዎችም ባዕድ ሊሆን አይገባም። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጨረቃ ደግሞ ከሁለቱም ከተሞች እኩል 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጉዳዩ በዝርዝር ሲታይ የአካባቢውን ወጣት ከዚህ መስክ የሚያርቀው የጨረቃ ርቀት አይደለም። የሚያርቀው ፈቃድ፣ ሥልጠናና የተደራጀ ክበብ በቅርቡ አለመኖራቸው ነው።

የአገልግሎቱ ምንነት

የአማተር ሬዲዮ አገልግሎት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ ውስጥ ራሱን የቻለ ትርጉም ተሰጥቶታል። በደንቡ መሠረት አገልግሎቱ ተገቢውን ፈቃድ ያገኙ፣ የገንዘብ ጥቅም የማይሹና ለሬዲዮ ጥበብ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚያሠለጥኑበት፣ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትና ቴክኒካዊ ምርምር የሚያደርጉበት ነው። ስለሆነም ለንግድ ከሚውለው የመገናኛ ሬዲዮም፣ ለሕዝብ ከሚሠራጨው የሬዲዮ ፕሮግራምም ይለያል።

እያንዳንዱ ጣቢያ አገሩን የሚገልጽ የጥሪ መለያ ይሰጠዋል። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት መነሻ ፊደላት በአማተሮች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው «ኢቲ» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ አምስት ኪሎ በሚባለው ግቢ የሚገኝ ሲሆን፣ የጥሪ መለያው «ኢቲ3ኤኤ» ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ የአማተር ድምፅ በዓለም ላይ በብዛት ስለማይሰማ፣ ይህ ጣቢያ ሥራ በጀመረ ቁጥር ከየአህጉሩ ብዙ ጠሪዎች ይሻሙበታል።

እስካሁን የተደረሰበት

ጨረቃና ሬዲዮ የተገናኙት ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አስቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1946 የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ወደ ጨረቃ የላኩት የራዳር ሞገድ ነጥሮ ተመልሶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960 ደግሞ አማተሮች በ1,296 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ጨረቃን እንደ መስተዋት ተጠቅመው የመጀመሪያውን የሁለትዮሽ ግንኙነት አድርገዋል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል።

ከኅዋ የሚመጣው ግንኙነትም ደረጃ በደረጃ አድጓል። ኦስካር 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የአማተር ሳተላይት የተመነጠቀችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1961 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የተጓዘው ኦወን ጋሪዮት ከምሕዋር ሆኖ ከምድር አማተሮች ጋር የተነጋገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከ2000 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሠሩ ጠፈርተኞች በልዩ ልዩ አገሮች ከሚገኙ ተማሪዎች ጋር በአማተር ሬዲዮ ሲነጋገሩ ቆይተዋል።

በጨረቃ ረገድ ጉልህ እርምጃ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ቻይና ሎንግጂያንግ 2 የተባለች 47 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን አነስተኛ ሳተላይት በጨረቃ ምሕዋር አስገባች። ሳተላይቷ የሃርቢን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የተሳተፉበት የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ተገጥሞላት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጀርመን የሚኖር አንድ አማተር ከራሱ አንቴና የፎቶግራፍ ትዕዛዝ አስተላለፈላት፤ በኔዘርላንድስ ድዊንገሎ በተባለው ስፍራ የሚገኘውና በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት 25 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ምስሉን ተቀበለ። በዚያ አንድ ምስል ላይ ከእኛ የተሰወረው የጨረቃ ገጽና ምድር በአንድነት ታይተዋል። ምስሉ ተላልፎ እስኪያልቅ 20 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ሳተላይቷ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2019 ተልእኮዋን ጨርሳ ጨረቃ ላይ ተከስክሳለች።

ይህ ተሞክሮ ሁለት ነገሮችን አረጋግጧል። አንደኛው፣ ከጨረቃ አካባቢ የሚደረግ የአማተር ግንኙነት በተግባር የተፈተነ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ድካሙ ከጠፈር ጣቢያው ጋር ከሚደረገው ንግግር እጅግ የከበደ መሆኑ ነው።

ምን ያህል ይከብዳል?

የጠፈር ጣቢያው በአናት ላይ ሲያልፍ ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጨረቃ ከዚህ 960 ጊዜ ያህል ትርቃለች። የሬዲዮ ሞገድ ኃይል በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚቀንስ፣ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ማሰራጫ ከጨረቃ ሲላክ ምድር ላይ የሚደርሰው ኃይል 900 ሺህ ጊዜ ያህል ይደክማል። ከጠፈር ጣቢያው በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ የሚሰማው ድምፅ ከጨረቃ እንዲሰማ ከተፈለገ ትልቅ አንቴና፣ ጨረቃን የሚከተል ማዞሪያና ደካማ ምልክትን ከጫጫታ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዚህም የተነሣ በመጀመሪያ የሚጠበቀው የጠፈርተኞች ንግግር ሳይሆን፣ በዝግታ የሚላክ አጭር የጽሑፍ ወይም የመረጃ ምልክት ነው።

በጨረቃ ምሕዋር እንዲቆም በታሰበው ጌትዌይ በተባለው ጣቢያ ላይ የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ እንዲገጠም የጠፈር ጣቢያውን የአማተር ሥራ የሚመሩት ወገኖች ሐሳብ አቅርበው ሲያጠኑ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ የጌትዌይ ዕቅድ ራሱ በበጀትና በፖሊሲ ክርክር ውስጥ ያለፈ በመሆኑ፣ ለግንኙነቱ ቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም። ይበልጥ ቅርብ የሚመስለው እንደ ሎንግጂያንግ 2 ያሉ፣ ከትልልቅ ተልእኮዎች ጋር ተዳብለው የሚሄዱ አነስተኛ ሳተላይቶች መንገድ ነው።

የሞገድ ምደባም ሌላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 በሚካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከተያዙት አጀንዳዎች አንዱ በጨረቃ ገጽና በምሕዋሯ ለሚደረግ ግንኙነት የሚውለውን የሬዲዮ ሞገድ ይመለከታል። ከምድር የተሰወረው የጨረቃ ገጽ ለሥነ ፈለክ ምርምር ጸጥ ብሎ እንዲቆይ በሬዲዮ ደንቡ ጥበቃ ስለተደረገለት፣ ማንኛውም አዲስ ማሰራጫ ይህን ማክበር ይኖርበታል።

የከሚሴ ሰማይ

የከሚሴ ነዋሪ ጨረቃን በየዓመቱ የሚጠብቅባቸው ቀናት አሉት፤ የረመዳንና የሸዋል ጨረቃ በዓይን የሚፈለገው ከዚሁ ሰማይ ነው። ለሬዲዮም ቢሆን ይህ ሰማይ የተመቸ ነው። ከሚሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ጨረቃ በየዕለቱ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ከአድማስ 50 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ትላለች፤ አንዳንዴም በአናት ላይ ታልፋለች። ከላይ የተጠቀሰው የድዊንገሎ ቴሌስኮፕ ባለበት ኬክሮስ ግን፣ ጨረቃ በአንዳንድ ዓመታት ከአድማስ 10 ዲግሪ እንኳ ሳትደርስ የምትጠልቅባቸው ቀናት አሉ።

የአካባቢው መልክዐ ምድርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ በተራሮች መካከል የሚገኙ በመሆናቸው፣ በቀጥታ መስመር የሚጓዙ የሬዲዮ ሞገዶች ተራራ ይጋርዳቸዋል። ከላይ የሚመጣ የሳተላይት ወይም የጨረቃ ምልክት ግን ይህ ችግር እምብዛም አይነካውም።

ለልምምድ የሚሆን ቅርብ ደረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የተመነጠቀችው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል 2 በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ቆማ የአማተር ግንኙነት ታስተላልፋለች። ከሚሴ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የባድር ሳተላይቶችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለማየት የተቃና የቤት ዲሽ የሚመለከተው ወደዚያው አቅጣጫ ነው። እንግሊዝ አገር ጉንሂሊ በተባለው ስፍራ የተተከለው መቀበያም የዚህችን ሳተላይት ግንኙነት በኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚያሰማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ምንም ዓይነት የሬዲዮ መሣሪያ ሳይገዛ የአማተሮችን ንግግር ለተማሪዎቹ ማሰማት ይችላል።

ጥቅሙ ከጨረቃ ይሻገራል

ደካማ ምልክትን የመቀበል ጥበብ በአደጋ ጊዜ ሕይወት ያድናል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከከሚሴ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ካራቆሬም ብዙ ጉዳት ደርሶባታል። አዲስ አበባን ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የሚያገናኘው ዋና መንገድም ተጎድቷል። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ መንገድና ስልክ በአንድ ጊዜ ሊቋረጡ የሚችሉበትን ቀን አስቀድሞ ማሰብ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ በመደበኛው ጊዜ የአማተር ጣቢያ ለሦስተኛ ወገን ዓለም አቀፍ መልእክት እንዳያስተላልፍ ሲከለክል፣ በድንገተኛ አደጋና በእርዳታ ጊዜ ግን ይፈቅዳል። አገሮች አማተሮቻቸውን ለዚህ እንዲያዘጋጁም ያበረታታል። የጨረቃን ምልክት ለመስማት የሠለጠነ ወጣት፣ በባትሪና በሽቦ አንቴና ከተራራ ማዶ ድምፅ ማሰማትንም አብሮ ይማራል።

ፈቃድና ቅድመ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፍላጎት ያለው ነዋሪ ወይም ትምህርት ቤት የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ሊል ይገባል።

• ያለ ፈቃድ በማንኛውም የአማተር ሞገድ ማሰራጨት የተከለከለ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

• የሬዲዮ መሣሪያ ከመግዛት ወይም ከውጭ ከማስገባት በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ጥያቄ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል።

• የሬዲዮ ደንቡ አገሮች የአመልካቹን የአሠራርና የቴክኒክ ችሎታ እንዲያረጋግጡ ያዛል። የሞርስ ኮድ ፈተና ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ዓለም አቀፍ ግዴታ አይደለም።

• መልእክት በምስጢር ኮድ መላክ አይፈቀድም፤ በግልጽ ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ግልጽ ቋንቋ ነው።

• በግል ከመጀመር ይልቅ በክበብ መደራጀት ወጪን ይቀንሳል፤ ኃላፊነትንም ግልጽ ያደርጋል። ልምዱ ያለው አካል በአምስት ኪሎ የሚገኘው ማኅበር ነው።

ቀሪው ሥራ

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታስመነጥቅ፣ መረጃውን የተቀበለው በእንጦጦ የተተከለው ጣቢያ ነበር። ከሰማይ የሚመጣ ምልክት መቀበል በአገር ውስጥ የተለመደ ሥራ መሆኑን ይህ ያሳያል። የሚቀረው ይህ ዕውቀት ከእንጦጦና ከአምስት ኪሎ ወደ ወረዳ ከተሞች እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ለከሚሴ ቅርብ የሆነው የምሕንድስና ማዕከል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በዚያ አንድ የክበብ ጣቢያ ቢደራጅ፣ ከባቲም ከሰንበቴም የሚመጣ ተማሪ ለሥልጠና አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። የአስተዳደሩ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ የሚከታተሉ በመሆናቸው፣ የሥልጠና ጽሑፎች በዚሁ ቋንቋና በአማርኛ ቢዘጋጁ ተሳታፊው ይበዛል።

ከጨረቃ የሚመጣው የአማተር ድምፅ የሚሰማበት ቀን በሌሎች አገሮች በጀትና ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያ ቀን ሲደርስ በከሚሴ ሰሚ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ግን እዚሁ አገር ቤት የሚወሰን ነው። ፈቃድ ለማውጣት፣ ለመሠልጠንና ክበብ ለማቋቋም ጨረቃ ላይ ጣቢያ እስኪተከል መጠበቅ አያስፈልግም።