የቃላት መሰላል በፊደላችን

ከአንድ ቃል ተነሥቶ፣ በየእርምጃው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጡና ትርጉም ያለው ቃል እያገኙ ወደ ሌላ ቃል መድረስ «የቃላት መሰላል» ይባላል። ጨዋታውን በ1877 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሉዊስ ካሮል በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊው የሒሳብ መምህር ቻርልስ ዶጅሰን ነው። በየዕለቱ አንድ መሰላል በእንግሊዝኛ የሚፈቱ ተማሪዎች አሉ። መፍታቱን አንነቅፍም፤ ትልቁ ትምህርት ግን ሕጉን በመደንገጉ ላይ ነው እንላለን።

እስቲ ላምን ከሣሯ እናድርሳት፦ ላም፣ ሳም፣ ሳር። በሁለት እርምጃ ደረሰች! ይሁንና ጠንቃቃ ጸሐፊ ሣርን የሚጽፈው በንጉሡ «ሠ» ነው፤ ያን ጊዜ መሰላሉ ይሰበራል። እንግዲህ «ሳ» እና «ሣ» አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ሌላም ችግር አለ። ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ከ«ላ» ወደ «ሳ» መሻገር ተነባቢውን ብቻ ሲለውጥ፣ ከ«ላ» ወደ «ሱ» መሻገር ግን ሁለቱንም ይለውጣል። ይህን እንደ አንድ እርምጃ መቁጠር ለእኛ ማጭበርበር ይመስለናል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ 5757 ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላትን እንደ ነጥብ ወስዶ፣ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩትን በመስመር ሲያገናኝ 671ዱ ጎረቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል። የአማርኛው ቁጥር በምንመርጠው ሕግ ይወሰናል፤ ርቀት የሚለካው መለኪያው ከታወቀ በኋላ ነውና። መዝገበ ቃላት ያላችሁ ተማሪዎች ከባለ ሁለት ፊደል ቃላት ጀምሩ፤ አንድ ጊዜ «ሰ»ንና «ሠ»ን ለይታችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ አድርጋችሁ ቁጠሩ።