የፀሐይ ግርዶሽ፦ ስሌት ወይስ ምልክት?

 

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከደብተራቸው ጋር ጥያቄም ይዘው ይመጣሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህን ይመስላል፦ «መምህራችን የፀሐይ ግርዶሽ የጨረቃ ጥላ ነው ብለው አስተማሩን፤ መድረሳ ደግሞ ከአላህ ምልክቶች አንዱ ነው ተብለናል። እውነቱ የትኛው ነው?»

ለዚህ ጥያቄ በየቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወላጅ «ዝም በል! እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ኢማን ያሳጣል» ይላል። ሌላው ደግሞ ተምሬያለሁ ባይ ነውና «ይህ የድሮ ሰዎች ወሬ ነው፤ ተወው» ብሎ ያልፈዋል። መልሶቹ የተለያዩ ቢመስሉም ለልጁ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ዲኑንና ትምህርቱን በአንድ ልብ ይዞ መኖር እንደማይችል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ ትምህርቱን ይንቃል፣ ወይ ቀስ በቀስ ከሰላቱ ይርቃል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

በመዲና የሆነው

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከማርያ አል-ቂብጢያ የወለዱት ኢብራሂም የሚባል ሕፃን ነበራቸው። ይህ ልጅ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው መዲና ውስጥ ሞተ። ሌሎች ወንዶች ልጆቻቸውን ቀደም ሲል በሕፃንነታቸው የቀበሩት አባት በእርሱም ሞት አዘኑ፤ አለቀሱም። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደ ኋላ ቆጥረው ይህ ግርዶሽ በመዲና የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እንደሆነ አስልተዋል።

ሰዎች «ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው» ማለት ጀመሩ። እስቲ እናስብ! ነቢይ ነኝ ብሎ የሚያታልል ሰው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ ከየት ያገኛል? መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በሐዘናቸው ቀን እንኳ ዝም አላሉም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሰዎቹን አሰግደው ሲያበቁ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል መሆናቸውን፣ ለማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት ሲባል ግን እንደማይጋረዱ አስረዱ። ግርዶሽ ሲያዩም እንዲሰግዱና ዱዓ እንዲያደርጉ አዘዙ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሰዎች በግምት የለጠፉት የሐሰት ምክንያት ወደቀ፤ የግርዶሹ ምልክትነት ግን ጸና። ለልጃችን ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ጨረቃ በየወሩ በምድርና በፀሐይ መካከል ታልፋለች። መንገዷ ወደ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥላዋ ምድርን ሳይነካ ያልፋል። ሦስቱም በአንድ መስመር ሲውሉ ግን ጥላዋ ምድር ላይ ያርፋል፤ ግርዶሽ የምንለውም ይህ ነው። ፀሐይ በስፋቷ ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ብትበልጥም፣ ርቀቷም በዚያው ልክ 400 እጥፍ ያህል ስለሆነ ሁለቱ ለዓይናችን እኩል ይመስላሉ። ተመሳሳይ ግርዶሾች በ18 ዓመት ከ11 ቀን ገደማ እየተመላለሱ እንደሚመጡ ጥንታውያን የባቢሎን ሰዎች ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

ከዚህ የተነሳ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ሁልጊዜ በሒጅራ ወር መጨረሻ፣ አዲስ ጨረቃ ልትወለድ ስትል ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2020 (ሰኔ 14 ቀን 2012) በላሊበላ አካባቢ እንደ እሳት ቀለበት ሆኖ የታየው ግርዶሽም የሸዋል ወር ሲያልቅ የዋለ ነው። ኢብኑ ተይሚያ ይህን ሕግ በመያዝ፣ ኢብራሂም የሞተው በወሩ 10ኛ ቀን ነው የሚለውን የአል-ዋቂዲን ዘገባ ውድቅ አድርገዋል፤ ፀሐይ በወር አጋማሽ አትጋረድምና። እኒህ ዓሊም የሰማይን ስሌት ለዘገባ መመዘኛ አደረጉት እንጂ የዲን ጠላት ነው አላሉትም።

የገዛሊ ማስጠንቀቂያ

እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፋቸው ፈላስፎችን አጥብቀው ተከራክረዋል። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ግን የግርዶሽን ስሌት መካድ ዲንን መከላከል አለመሆኑን ገልጸዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በሒሳብና በጂኦሜትሪ የተረጋገጠውን ለሚያውቅ ሰው «ይህ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል» ብትለው፣ የሚጠራጠረው ስሌቱን ሳይሆን ሸሪዓውን ነው። ዲንን ባልሆነ መንገድ የሚከላከል ሰው ከሚያጠቃው ሰው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ዋናው ጥያቄ ዓለም ፈጣሪ አለው ወይስ የለውም የሚለው እንጂ የሰማይ አካላት እንዴት ተደርድረዋል የሚለው አይደለም።

«በቃ፣ ታወቀ!» ለሚለው

ከወጣቶቻችን አንዳንዱ በተቃራኒው ይሳሳታል። «ግርዶሹ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር አስቀድሞ ከታወቀ፣ መስገዱ ለምን አስፈለገ?» ይላል። ይህ ወጣት መስጊድ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰላት ሰዓት ሰሌዳ ልብ ብሎ ይመልከት። የፈጅርና የመግሪብ ሰዓት ለዓመቱ ሙሉ በደቂቃ ተሰልቶ ተጽፏል። የፀሐይ መግቢያ ስለታወቀ መግሪብ ይቀራል ያለ ማን ነው? በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመያ መስጊድ ሰዓት ጠባቂ የነበረው ኢብኑ ሻጢር የጨረቃን እንቅስቃሴ ያጠና ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ስሌቱ ከሰላት አላስቀረውም፤ ሥራውም ሰዎችን ለሰላት ሰዓት ማብቃት ነበር።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እንየው። «ሊጡ ለምን ኩፍ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ «እርሾው ስለሠራ» ይላል፤ ሌላው «እናታችን እንግዳ ስለምትጠብቅ» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። እርሾን የመረመረ ሰው እናት የለችም ለማለት ማስረጃ አላገኘም፤ እናቱን የሚያውቅ ልጅም እርሾን መካድ አያስፈልገውም። ሳይንስ ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ ይለካል። ይህ ሥርዓት ለምን ኖረ፣ እኛስ በፊቱ ምን እናድርግ የሚለው ግን በቴሌስኮፕ አይለካም። ስለዚህ «ስሌቱ ስለታወቀ ፈጣሪ የለም» የሚል ሰው ከስሌቱ አልፎ የራሱን እምነት እየተናገረ ነው።

ለወላጆች

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027 (ሐምሌ 26 ቀን 2019) ለሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ የጥላው መንገድ ተሰልቷል፤ በግብፅ ሉክሶር አልፎ መካን ለ5 ደቂቃ ያህል ያጨልማል። ሀገራችን ውስጥ በከፊል ይታያል። ይህ ለቤተሰብ መልካም የትምህርት ቀን ነው። ልጆች ፀሐይዋን በባዶ ዓይን፣ በተራ የፀሐይ መነጽር፣ በራጅ ፊልም ወይም በውሃ ነጸብራቅ እንዳያዩ እንጠንቀቅ፤ ዓይን ይጎዳል። በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተን፣ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ብርሃኑን ወረቀት ላይ ብናሳርፈው የተጋረደችው ፀሐይ እንደ ማጭድ ሆና ትታያለች። ከሺህ ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሠም ስለ ግርዶሽ ቅርጽ የጻፈው በዚህ ዓይነት ቀዳዳ የሚያልፈውን ብርሃን መርምሮ ነው።

ከዚያም ልጆቻችንን ይዘን ለኩሱፍ ሰላት እንቁም። አዛን የለውም፤ «አስሰላቱ ጃሚዓህ» ተብሎ ይጠራል። በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ ሁለት ረከዓ ሆኖ በየረከዓው ሁለት ሩኩዕ አለው። ሰደቃ መስጠትና ኢስቲግፋር ማብዛትም የዕለቱ ሥራ ነው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ጥላውን የለካ፣ ቀጥሎም ከአባቱ ጎን ቆሞ የሰገደ ልጅ «እውነቱ የትኛው ነው?» ብሎ አይጨነቅም።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትና የጸና ኢማን ይወፍቀን። አሚን።