ርካሹን ግዙ፣ ይሰበር!

ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር ሁሌም የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እነሱ ለላብራቶሪ የሚገዛ ዕቃ ምርጥ መሆን አለበት ይላሉ። እኔ ደግሞ ቴርሞሜትር ከሆነ ርካሹን ግዙ ባይ ነኝ። ርካሽ ሲሆን አይቆለፍበትማ!

ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቴርሞሜትሩ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚኖረው። ከተሰበረ ከመምህሩ ደሞዝ ይቆረጣላ። ማን ይነካዋል? ተማሪው የሚያውቀው ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ብቻ ነው።

ውጤቱን ማየት ከፈለጋችሁ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ "አዲስ አበባ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ብላችሁ ጠይቁ። "100" ይላችኋል። ኧረ አይደለም! ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውሃው 92 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ደብረ ብርሃን ከዚህም ወርዶ ወደ 90 ይጠጋል፣ ድሬዳዋ 96 አካባቢ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ለክቶ 92 ያገኘ ልጅ እንኳ "ቲቸር፣ ዕቃው ተበላሽቷል" ብሎ 100 ጽፎ ያስረክባል። በገዛ ዓይኑ ያየውን ትቶ የተጻፈለትን ማመን የሚለምደው እዚች ጋ ነው።

ርካሽ ስል ሜርኩሪ ያለበትን ማለቴ አይደለም። እሱ ሲሰበር ትነቱ መርዝ ነው። የትኩሳት መለኪያውንም ተዉት፤ የሚያነበው ከ35 እስከ 42 ብቻ ነው፣ ባለ ሜርኩሪው ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል። እኔ የምመርጠው ባለ ረጅም መርፌውን የወጥ ቤት ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፣ ሥጋ ላይ የሚወጋውን። አንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተርም ሙቀት የሚለካ ሽቦ አብሮት ይመጣል። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያስ? የዕቃ ሙቀት የሚለካበት ቁልፍ ካለው አቧራውን ጥረጉና ክፍል አስገቡት። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ግን ይዋሻል፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ፕላስተሩን ለኩ።

"ርካሹ በትክክል ያነባል ወይ?" ትሉኛላችሁ። ፈትኑታ! የተሰባበረ በረዶ ከትንሽ ውሃ ጋር አማስሉና መርፌውን ንከሩት። 0 ካላለ ልዩነቱን እላዩ ላይ ጻፉበት፣ አለቀ። ደግሞ አንድ ዲግሪ ቢሳሳት ምን ይመጣል? ጥላሸት የተቀባ የቲማቲም ጣሳና ያልተቀባው ውሃ ተሞልተው ፀሐይ ላይ ሲውሉ የሚያሳዩት ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። የተከደነና ያልተከደነ የሻይ ብርጭቆም እንደዚያው።

60 ተማሪ ላለበት ክፍል አንድ ምርጥ ከሚገዛ አሥር ርካሽ ይገዛ። ስድስት ስድስት ሆነው በእጃቸው ይይዙታል፤ አንዱ ቢሰበር ዘጠኝ ይቀራል። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ እባካችሁ፣ እንደ ጠመኔው አላቂ ዕቃ ብላችሁ መዝግቡት እንጂ ቋሚ ንብረት አታድርጉብን።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በየከተማው ተበትናችኋል። ውሃ አፍሉና ስንት ላይ እንደቆመ ከከተማችሁ ስም ጋር ጻፉልኝ። 100 የሚለኝ ሰው ግን ጅቡቲ ካልሆነ አላምነውም።